የለንደን ፍላት ሽያጭ፦ ሶሊሲተሩ «እየጠበቅን ነው» ብቻ ሲል ምን ይደረጋል?

ማህደር (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ ውስጥ ቤት የሸጣችሁ ወይም ሙያውን የምታውቁ አትጠፉም ብዬ ነው። ደቡብ ለንደን ያለ ባለ ሁለት መኝታ ፍላት እየሸጥኩ ነው። ድሮ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) የነበረ፣ ሊዝሆልድ (ሕንፃው የሌላ ሆኖ ፍላቱ በረጅም ዘመን የሊዝ ውል የሚያዝበት)፣ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። ቤቱ በእኔና በወንድሜ ስም ነው፤ እሱ አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የገዢውን ዋጋ ከተቀበልን ሦስት ወር አልፏል። ገዢው ሐበሻ ነው፣ የመጀመሪያ ቤቱ ነው፣ በሞርጌጅ (በባንክ የቤት ብድር) ይገዛል። እኔም በተራዬ ሌላ ቤት ለመግዛት ተስማምቻለሁ፤ ስለዚህ ከኔ በላይ ያለውም ሰው አብሮ ቆሟል።

ሶሊሲተሩን (የሽያጩን የሕግ ሥራ የሚሠራልኝን ጠበቃ) ኦንላይን ዋጋ አወዳድሬ ነው የያዝኩት። ስደውል በየጊዜው ሌላ ሰው ያነሳል። ኢሜይል ስጽፍ ቆይቶ «ኢንኳየሪ ላይ ነን፣ መልስ እየጠበቅን ነው» የሚል አንድ መስመር ይመጣል፤ ኢንኳየሪ የሚሉት የገዢው ሶሊሲተር ስለ ቤቱ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች ነው። ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ጥፋቱ የኔ ሶሊሲተር ነው ይላል፣ ሶሊሲተሬ የገዢው ነው ይላል።

ማን እንደያዘው በምን አውቃለሁ? የገዢውን ሶሊሲተር ራሴ ብደውልለትስ? ሶሊሲተር መቀየር ያዋጣል? አቤቱታ ማቅረብስ?

አባ መዝገብ

ማህደር፣ «የት ደረሰ?» ብሎ ለሚጠይቅ ኢሜይል የሚመጣው መልስ ያው «እየጠበቅን ነው» ነው። እዚያ ቢሮ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይል ይዞ ነው የሚሠራው። ኢሜይሉን ሲከፍት ቶሎ የሚመለሰውን ይመልሳል፣ ፋይል የሚያስገልጠውን ያሳድራል። ስለዚህ ጥያቄሽ አጭርና የማያሸሽ ይሁን። ርዕሱ ላይ የፋይል ቁጥሩንና የፍላቱን አድራሻ፣ ከሥሩ ይህን ብቻ፦

«ያልተዘጉትን ኢንኳየሪዎች ዝርዝር እንዳለ ላኩልኝ። እያንዳንዱ የሚጠበቀው ከማን ነው፦ ከእኔ፣ ከካውንስሉ ወይስ ከገዢው ሶሊሲተር? ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችሁት በየትኛው ቀን ነው?»

ሥራ የምትሠራው የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት። «ከአምስት ሳምንት በፊት ጠይቀናል» ብሎ በጽሑፍ መመለስ ያለበት ሰው፣ መልሱን ከመላኩ በፊት ለካውንስሉ ማስታወሻ ይልካል።

ዝርዝሩ ሲመጣ ከፊሉን አንቺው መመለስ የምትችይው ሆኖ ታገኚዋለሽ፦ ቦይለሩ መቼ ተገጠመ፣ ፓርኪንጉ የማን ነው፣ ከጎረቤት ጋር ክርክር ነበረ ወይ። ቁጥር በቁጥር መልሰሽ፣ ሰነዱን አያይዘሽ፣ በአንድ ኢሜይል ላኪው። በአምስት ኢሜይል ተበጣጥሶ የሄደ መልስ እዚያ ፋይል ውስጥ ይጠፋል። ቲኤ6 የተባለው የቤት መረጃ ቅጽ ላይ «አላውቅም» እያልሽ አልፈሽ ከሆነ፣ እያንዳንዱ «አላውቅም» ከገዢው ወገን አዲስ ጥያቄ ሆኖ እየተመለሰብሽ ነው። ያልሆነውን መጻፍ ደግሞ ከሽያጭ በኋላ ካሳ ያስጠይቃል፤ እዚያ ውስጥ አትግቢ።

አሁን ወደ አንቺ ፍላት። የካውንስል የነበረ ሊዝሆልድ ሲሸጥ ፋይሉ የሚቆምበት ቦታ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው።

መጀመሪያ ኤልፒኢ1 የተባለውን የሊዝሆልድ መረጃ ቅጽ ጠይቂ። ይህን የሚሞላው ፍሪሆልደሩ (የሕንፃው ባለቤት) ነው፤ ባንቺ ጉዳይ የካውንስሉ የሊዝሆልድ ክፍል መሆኑ ነው። ውስጡ ያለፉት ሦስት ዓመታት የሰርቪስ ቻርጅ (የሕንፃው የጋራ ወጪ መዋጮ) ሂሳብ፣ የሕንፃው ኢንሹራንስ፣ የእሳት አደጋ ግምገማ፣ የአስቤስቶስ ሪፖርት፣ የታቀደ ትልቅ ጥገና ካለ እሱም አለበት። የሚከፍለው ሻጭ ነው፤ ከ200 እስከ 500 ፓውንድ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሶሊሲተሩ ገንዘቡ ከአንቺ ሳይገባለት አያዝዘውም፣ ካውንስሉም ክፍያ ሳያይ ቀን መቁጠር አይጀምርም። ከዚያ በኋላም ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ «አዝዘናል» ሲሉሽ «የተከፈለው መቼ ነው? የክፍያ ቁጥሩን ላኩልኝ» በይ። ቁጥሩን ይዘሽ ካውንስሉን ራስሽ ልትደውዪ ትችያለሽ፤ ባለቤት ነሽና ያነጋግሩሻል። የሰርቪስ ቻርጅ ውዝፍ ካለብሽ ዛሬውኑ ክፈዪ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ብዙ ካውንስሎች የሂሳብ ዓመታቸው ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው። ጉዳዩ ኤፕሪልን ከተሻገረ የገዢው ሶሊሲተር አዲስ ሂሳብ ሊጠይቅ ይችላል።

ቀጥሎ የሕንፃው ከፍታ። ሕንፃሽ ባለ ስድስት ፎቅ ነው ብለሻል። 11 ሜትር ወይም አምስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ ሕንፃ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ ደህንነት ሕግ ይነካዋል። ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። አንዱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ የሊዝሆልደር ሰርተፊኬት ይባላል፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 ላይ ፍላቱ ዋና መኖሪያችሁ ነበር ወይ፣ ስንት ቤት ነበራችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ በምስክር ፊት ነው የሚፈረመው። ሌላው ከፍሪሆልደሩ የሚመጣ ነው፤ በጽሑፍ ከተጠየቀ በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ መስጠት አለበት። ዋጋው ርካሽ የሆነ ቢሮ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያስታውሰው የገዢው ወገን ሲጠይቀው ነው፤ አራቱ ሳምንት የሚቆጠረውም ከዚያ በኋላ ይሆናል።

ሌላው የትልቅ ጥገና ማስታወቂያ ነው። ካውንስሉ በአንድ ፍላት ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ሥራ ካሰበ ሊዝሆልደሮችን አስቀድሞ ማማከር ግዴታው ነው። ጣሪያ ወይም ሊፍት ሊቀየር ነው የሚል ደብዳቤ ደርሶሽ ከሆነ፣ ገዢው «ማን ነው የሚከፍለው?» ሳይል አያልፍም። ሶሊሲተሮቹ እስኪጻጻፉ አትጠብቂ፤ በኤጀንቱ በኩል አሁን ተስማሙ። የተለመደው መፍትሔ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ የተወሰነ መጠን ለተወሰነ ጊዜ ሶሊሲተሩ ዘንድ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የሚመለስበትን ቀን አጽፊ።

ፍላቱ ከካውንስል በራይት ቱ ባይ (ተከራዩ ቤቱን በቅናሽ የሚገዛበት መብት) የተገዛው ገና አሥር ዓመት ካልሞላው ደግሞ መጀመሪያ ለካውንስሉ መቅረብ አለበት፤ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው። አምስት ዓመት ካልሞላው ከቅናሹ የሚመለስ ገንዘብም አለ። ቀድሞ ካለፈ ይህን እርሺው።

ካምደን 7

የገዢውን ሶሊሲተር መደወል ላልሽው፣ አያነጋግርሽም። ደንበኛው አይደለሽም። ፋይሉ ላይ «ሻጯ ራሷ ደወለች» ተብሎ ይጻፍና ያበቃል። መንገድሽ ኤጀንቱ ነው። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ስለሆነ ከአንቺ ባልተናነሰ ይጨነቃል። ግን «እባክህ ግፋበት» አትበይው። ለገዢው የሚያደርሳቸው የተቆጠሩ ጥያቄዎች ስጪው፦ የካውንስልና የውሃ ሰርች (ስለ ቤቱ ከመዝገብ የሚደረግ ማጣራት) ታዟል? ተመልሷል? የሞርጌጅ ኦፈሩ (ባንኩ አበድራለሁ ብሎ የሚሰጠው ደብዳቤ) ወጥቷል? መቼ ነው የሚያበቃው? የገንዘቡ ምንጭ ተጣርቶ አልቋል?

የመጨረሻዋ ላይ ልቆይ፣ ገዢው ሐበሻ ነው ስላልሽ። የገዢው ሶሊሲተር በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን በሚከላከለው ደንብ መሠረት የቅድሚያ ክፍያው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት። ደሞዝ ከሆነ የባንክ ስቴትመንት ይበቃል። የኛ ሰው ግን ዕቁብ አለው። አንድ ቀን ሂሳቡ ውስጥ 12,000 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ሶሊሲተሩ ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ጥያቄ ይጽፋል፣ ገዢው «የራሴ ገንዘብ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ያ መልስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። በዚህ ብቻ ሳምንታት ይሄዳሉ፣ ሻጭ ግን ሰርች እየተጠበቀ ነው ይባላል።

የሚያልፈው እንዲህ ነው፦ ዕቁቡ ምን እንደሆነና ገዢው በየወሩ ስንት ይጥል እንደነበር የሚያስረዳ አንድ ገጽ፣ የዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ፈርሞበት፤ ከደብተሩ ዕጣው የወጣበት ገጽ ኮፒ፤ ገዢው በየወሩ ሲከፍል የሚያሳይ ስቴትመንት። በጥሬ ገንዘብ ተጥሎ በጥሬ ገንዘብ የተወሰደ ከሆነ ከባድ ነው፤ አንዳንድ ቢሮ ጨርሶ አይቀበለውም። ከዘመድ የተሰጠ ስጦታ ከሆነ ሰጪው መታወቂያውን፣ ስቴትመንቱን፣ «አይመለስም፣ ቤቱ ላይም መብት የለኝም» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ ያቀርባል፤ የሞርጌጅ ባንኩም ይህን ማወቅ አለበት። ይህን ለገዢው በኤጀንቱ በኩል ብትጠቁሙት ነውር የለውም፣ ጨዋ በሆነ ቋንቋ ብቻ። ስለ ገንዘቡ ዝርዝር ለአንቺ ሊነግርሽ ግን ግዴታ የለበትም።

የሞርጌጅ ኦፈር ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው የሚቆየው፣ ሦስት ወር የሚሰጡም አሉ። ማራዘሚያ የሚጠየቀው ሳያልቅ ነው፤ ካለቀ በኋላ እንደ አዲስ ማመልከት፣ ምናልባትም በሌላ ወለድ። ባንኮች ከስድስት ወር በላይ የሆነውን ሰርችም አይቀበሉም።

ትርሲት

መቀየርና አቤቱታ ላይ ብዙ ሰው በንዴት ይወስናል፣ ስለዚህ ሒሳቡን ላስቀምጥ።

ሶሊሲተር ብትቀይሩ አዲሱ ቢሮ መታወቂያችሁን እንደገና ያጣራል፣ ሰነዱን ከላንድ ሬጅስትሪ (ከመንግሥት የቤትና የመሬት መዝገብ) ያወጣል፣ ፋይሉን ከዜሮ ያነባል። ሒሳብ ያልተከፈለው የድሮው ቢሮ ፋይሉን የመያዝ መብት አለው፤ «ሽያጭ ካልተሳካ ክፍያ የለም» የሚለው ውልም ደንበኛው ራሱ ሲወጣ አይሠራም፣ ትንንሹን ፊደል አንብቢው። የምትገዢውንም ቤት የያዘው ይኸው ቢሮ ከሆነ፣ አዲሱ ቢሮ ባንክሽ የሚቀበለው መሆን አለበት። ኤልፒኢ1ና ኢንኳየሪ ላይ የደረሰ ፋይል ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተጨማሪ መዘግየት ነው። ረቂቅ ውሉ ገና ለገዢው ወገን ያልተላከ ቢሆን ኖሮ ቀይሪ እልሽ ነበር።

ከመቀየር በፊት መሞከር ያለበት እዚያው ቢሮ ውስጥ ሰው ማስቀየር ነው። ቢሮው ሥራውን ሲቀበል በላከላችሁ የደንበኛ ደብዳቤ ላይ ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው ስምና የአቤቱታ ተቀባዩ ስም የግድ አለ። ለተቆጣጣሪው አጭር ኢሜይል፦ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በእነዚህ ቀኖች ተልከው አልተመለሱም፣ ፋይሉን የሚይዝ ሌላ ሰው ይመደብልን፣ እስከ ዓርብ ያሳውቁን። ቅሬታ፣ ስድብ፣ «በጣም አዝነናል» አይጨመርበትም። ቀኖቹ ይበቃሉ።

መደበኛ አቤቱታ ከሆነ ሥርዓቱ ይህ ነው። መጀመሪያ በጽሑፍ ለቢሮው፣ «አቤቱታ ነው» ብላችሁ። ስምንት ሳምንት ይሰጠዋል። ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ሊጋል ኦምበድዝማን (የሕግ አገልግሎት ቅሬታ ሰሚ) ትሄዳላችሁ፣ ነፃ ነው፤ የመጨረሻው መልስ ከደረሳችሁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ነገሩ ከተፈጸመ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ። እሱ የአገልግሎት ጉድለትን ነው የሚያየው፣ ክፍያ ማስቀነስና ካሳ ማዘዝ ይችላል። የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪው ኤስአርኤ፣ የኮንቬያንሰሮቹ (ሶሊሲተር ሳይሆኑ የቤት ዝውውር ሥራ የሚሠሩት) ሲኤልሲ፣ ለማጭበርበርና ለከባድ ጥፋት ናቸው እንጂ ለዘገየ ኢሜይል አይደሉም። ከቁጥሮቹ እንደምታዩት ይህ መንገድ ገንዘብ ሊያስመልስ ይችላል፤ የዘንድሮውን ሽያጭ ግን አንድ ቀን አያፈጥነውም። ስለዚህ ማስረጃውን አሁን ሰብስቡ፣ አቤቱታውን ቁልፍ ካስረከባችሁ በኋላ አስገቡ።

«ቤቱን ገበያ ላይ እመልሰዋለሁ» የሚለው ማስፈራሪያም አለ፣ ኤጀንቶች ይወዱታል። መዘግየቱ በሻጭ በኩል ሆኖ ገዢን ማስፈራራት ግን ገዢውን ያሳጣል።

ማህደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባ መዝገብ እንዳልከው ጻፍኩላቸው፣ ዝርዝሩ መጣ። ኤልፒኢ1 ታዝዟል፣ ተከፍሏል፣ ካውንስሉ ገና ነው። የፍሪሆልደሩ የሕንፃ ደህንነት ሰርተፊኬት ጭራሽ አልተጠየቀም ነበር፣ አሁን ጠይቀዋል። ሌላው የመስኮቶች ወረቀት ነው፤ መስኮቶቹን ከኛ በፊት የነበረው ባለቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ቀይሯቸዋል፣ የኛ እጅ ላይ ምንም ወረቀት የለም። ካውንስሉን ስለ ኤልፒኢ1 ስደውል አብሬ ስለ መስኮቱ ልጠይቃቸው?

አባ መዝገብ

ስለ መስኮቱ አንድ ቃል አትተንፍሺ! ቢያንስ ሶሊሲተርሽ ሳይወስን።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2002 ወዲህ የተቀየረ መስኮት ወይ የፌንሳ (የመስኮት ገጣሚዎች መመዝገቢያ፣ ወይም የመሰሉት ማኅበራት) ሰርተፊኬት፣ ወይ የካውንስል የግንባታ ቁጥጥር ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ የፌንሳ ድረ ገጽ ላይ በአድራሻው ፈልጊ፤ ተመዝግቦ ከተገኘ ምትክ ወረቀት ከፍለሽ ታወጫለሽ፣ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል። ካልተገኘ የተለመደው መውጫ የኢንዴምኒቲ ኢንሹራንስ (ወረቀቱ በመጉደሉ ለሚመጣ ኪሳራ የሚገባ ዋስትና) ነው፤ አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ገዢውንም ባንኩንም ይሸፍናል። ኢንሹራንሱ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ስለ ጉዳዩ ከካውንስሉ ጋር ማንም ያልተነጋገረ መሆን አለበት። አንድ ስልክ ብቻ ያበላሸዋል።

ያንቺ ነገር ደግሞ ድርብ ነው። በካውንስል ሊዝ ላይ የመስኮቱ ፍሬም ብዙ ጊዜ የሊዝሆልደሩ ሳይሆን የፍሪሆልደሩ ነው። ሊዙን አውጥተሽ የፍላቱ ወሰን የተዘረዘረበትን አንቀጽ አንብቢ። ፍሬሙ የካውንስሉ ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ለመቀየር ፈቃድ መውሰድ ነበረበት፤ የገዢው ሶሊሲተርም ይህን አይቶ ይሆናል የጠየቀው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፦ ለፈቃዱ ጉድለትም ኢንሹራንስ መግዛት፣ ወይም ወደ ኋላ የሚሠራ ፈቃድ ከካውንስሉ መጠየቅ። ሁለተኛው ሳምንታት ይፈጃል፣ ክፍያ አለው፣ አንዴ ከጠየቅሽ ደግሞ ወደ መጀመሪያው መመለሻ የለሽም። ኢንሹራንሱን የገዢው ባንክ ይቀበለው እንደሆነ ሶሊሲተሮቹ አስቀድመው ይነጋገሩ። መስኮቶቹን የቀየረው ካውንስሉ ራሱ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀልላል፤ የሕንፃው መስኮቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የናንተ ብቻ ነው የተለየው? ወጥተሽ እዪው።

ኤልፒኢ1ን በሚመለከት ግን ደውዪ፣ የክፍያ ቁጥሩን ይዘሽ።

ትርሲት

ወንድምሽ አዲስ አበባ ነው ብለሻል፣ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ኢንኳየሪው ሁሉ ተዘግቶ የሱ ፊርማ ሲጠበቅ ሌላ ወር እንዳይሄድ አሁኑኑ ጀምሩት።

የሚፈረመው ሁለት ነው። ውሉ ምስክር አይፈልግም። ቲአር1 የተባለው የማስተላለፊያ ሰነድ ግን በምስክር ፊት ይፈረማል፤ ምስክሩ የሽያጩ ተካፋይ ያልሆነ አዋቂ ሰው፣ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፣ ስሙን፣ አድራሻውንና ሥራውን ይጽፋል። አዲስ አበባ ላይ መፈረም ይቻላል፣ ዋናው ወረቀት በኩሪየር ይመጣል። ላንድ ሬጅስትሪ በኤሌክትሮኒክ ፊርማም ይቀበላል፣ ምስክሩ ግን አጠገቡ ሆኖ ሲፈርም ማየት አለበት፣ በቪዲዮ አይሆንም። ሁለቱም ሰነዶች ቀን ሳይጻፍባቸው ተፈርመው ሶሊሲተሩ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ ቀኑን የሚሞላው እሱ ነው። ስለዚህ አሁን ቢፈረሙ ጉዳት የለውም።

ውክልና ይሻላል ካላችሁ ደግሞ ውክልናውን ለአንቺ አይስጥሽ። ቤቱ የሁለት ሰው ስለሆነ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንቺ ለራስሽም ለሱም ብትፈርሚ እንደ አንድ ሰው ነው የምትቆጠሪው፣ የገዢው ሶሊሲተር ይመልሰዋል። ሦስተኛ ሰው ይወከል።

የመታወቂያውን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ የፓስፖርቱን ኮፒ ማን ቢያረጋግጠው ነው የሚቀበሉት? ከመላኩ በፊት በጽሑፍ ይመልሱ። ስሙንም አስተያዩ፦ ላንድ ሬጅስትሪ ላይ «ኃይለማርያም» ተያይዞ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተነጥሎ ከተጻፈ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ይህ ለኛ ምንም ነው፣ ለገዢው ሶሊሲተር ግን ሌላ ሰው ነው። ቤቱ ሲገዛ የነበረውን የድሮ ፓስፖርት ኮፒና አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ የተፈረመ ማረጋገጫ አዘጋጁ።

ወንድምሽ የእንግሊዝ ነዋሪ ካልሆነ ሽያጩ ካለቀ በ60 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለኤችኤምአርሲ ሪፖርት ማድረግ አለበት፣ የሚከፈል ግብር ባይኖርም። ይህን ሶሊሲተሩ አይሠራላችሁም።

ካምደን 7

ኤክስቼንጅ (ውሉ አስገዳጅ የሚሆንበት) ቀን ላይ ሲደረስ፦ ኮምፕሊሽኑን (ገንዘቡ ተከፍሎ ቁልፍ የሚሰጥበትን ቀን) ዓርብ አታድርጉት። ሁሉም ዓርብ ይፈልጋል፣ ባንክ ይጨናነቃል። በመደበኛው የውል ደንብ ገንዘቡ በፈረንጅ ከሰዓት 2 (በኛ 8 ሰዓት) ካለፈ በኋላ ከገባ እንደ ማግስቱ የሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ዓርብ ላይ ያ ማለት ሰኞ ነው፣ ዕቃሽ ደግሞ መኪና ላይ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠይቂ። ሞርጌጅ ካለብሽ ሶሊሲተሩ የመዝጊያ ሒሳቡን ከባንክሽ ለዚያ ቀን እንዲያወጣ አስታውሺው፣ የዕለት ወለዱ ተጨምሮ፤ ቀድሞ የመዝጋት ቅጣት ካለም እዚያው ላይ ይታያል።

በኤክስቼንጅና በኮምፕሊሽን መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይኑር። ከኤክስቼንጅ በፊት ማንም ቢተው አይጠየቅም፣ ስለዚህ የዕቃ ጫኝ መኪናውን የማይመለስ ክፍያ ከፍለሽ አታስይዢ።

ማህደር

መስኮቶቹን ወጥቼ አየሁ፤ የሕንፃው መስኮት በሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ሊዙን ለሶሊሲተሩ ልኬ ፍሬሙ የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልስልኝ ጠይቄያለሁ። ወንድሜ ፓስፖርቱን ፈልጎ አግኝቷል፣ የድሮውንም ጭምር።